የክረምት ስልጠናና የሙከራ ጥሪ ሲመጣ፦ ከነገሌ፣ ከያቤሎና ከሞያሌ ከመነሳታችሁ በፊት ማወቅ ያለባችሁ



ሰኔ ገብቶ ፈተና ሲያልቅ ቴሌግራማችን ላይ ምን እንደሚመጣ ሁላችንም እናውቃለን። "ታላቅ የተሰጥኦ ምልመላ! ከ14 እስከ 20 ዓመት! ቦታ ውስን ነው፣ ዛሬውኑ ይመዝገቡ!" የሚል ፖስተር። ከላይ የታወቀ ክለብ አርማ ተለጥፏል፣ ከታች የቴሌብር ቁጥር አለ። ከዚያ ኮመንት ላይ "ነገሌ ለምንኖር ይሆናል?"፣ "እኔ ሻኪሶ ነኝ፣ እንዴት ልመዝገብ?" የሚል ጥያቄ ይደረደራል።

ከእነዚህ ጥሪዎች እውነተኛ የሆኑ አሉ። ጊዜና ገንዘብ የሚበሉም አሉ። ከነዚህ የባሱም አሉ። አዲስ አበባ ያለ ልጅ ተሳስቶ ቢሄድ የሚያጣው የታክሲ ሂሳብ ነው። ከነገሌ ቦረና ግን አዲስ አበባ ወደ 600 ኪሎ ሜትር ይርቃል። የደርሶ መልስ ትራንስፖርት፣ አልጋና ምግብ ሲደመር ቤተሰብ ፍየል ወይም ጊደር ሊሸጥበት ይችላል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. አምስት የዝናብ ወቅት በተከታታይ ከሽፎ የቦረና ከብት ምን እንደሆነ አይታችኋል። ስለዚህ "እስኪ ልሞክር" የሚለው ነገር እዚህ ቀላል አይደለም።

ይህን ጽሑፍ ሴቭ አድርጉት። ጥሪ በመጣ ቁጥር እያወጣችሁ የምታመሳክሩበት ነው።

ስልጠና ሌላ፣ ሙከራ ሌላ

አሜሪካ ውስጥ ኮሌጅ ገብተው ቤዝቦል መጫወት የሚፈልጉ ወጣቶች በየክረምቱ ሁለት ዓይነት ቦታ ይሄዳሉ። አንዱ "ካምፕ" ይባላል፣ ሌላው "ሾውኬዝ"። ካምፕ የሚማሩበት ነው። ሾውኬዝ ደግሞ መልማዮች ፊት ቆመው የሚታዩበት ነው። እዚያም ቢሆን ብዙ ቤተሰብ ሁለቱን እያምታታ ገንዘቡን ይጨርሳል። ማንም መልማይ ያልመጣበት "መታያ" ይከፍላል፣ ወይም ገና ብዙ መማር ያለበትን ልጅ ለመታየት ይልካል።

እኛም ጋ ጥያቄው ያው ነው።

👉 የክረምት ስልጠና ከሆነ የምትገዙት የአሰልጣኙን ጊዜ ነው። ጥሩ አሰልጣኝ፣ ጥሩ ሜዳና በቂ ሳምንት ካለው ዋጋ አለው። ማንም ክለብ ባይወስዳችሁ እንኳ ተሽላችሁ ትመለሳላችሁ።

👉 ሙከራ ወይም "ትራያል" ከሆነ ደግሞ ዋጋው በሙሉ ያለው ሜዳው ዳር በቆመው ሰው ላይ ነው። የሚወስን ሰው ካልመጣ ያ ቀን ተራ ግጥሚያ ነው።

ፖስተሩ ላይ "ስልጠናና ምልመላ" ተብሎ አንድ ላይ ከተጻፈ ደውላችሁ "የትኛው ነው?" ብላችሁ ጠይቁ። ጥርት ያለ መልስ ካላገኛችሁ ይህ ራሱ መልስ ነው።

ከመክፈል በፊት አምስት ጥያቄ

1. ሜዳ ላይ ሆኖ የሚያየኝ ማን ነው? "ከትልልቅ ክለቦች የመጡ መልማዮች" የሚለው አይበቃም። የትኛው ክለብ፣ የትኛው አሰልጣኝ?

2. ክለቡ ራሱ ያውቀዋል? የክለቡን ትክክለኛ ገጽ ወይም ጽ/ቤት ፈልጋችሁ ጠይቁ። ፖስተሩ ላይ ባለው ቁጥር ብቻ አታጣሩ፣ ምክንያቱም ያ ቁጥር የለጣፊው ነው። አርማ ደግሞ ማንም ከኢንተርኔት አውርዶ ይለጥፋል።

3. ለስንት ቦታ ስንት ልጅ ይታያል? አንድ ግብ ጠባቂ ለሚፈልግ ቡድን 300 ልጅ ተመዝግቦ በ20 ደቂቃ ጨዋታ የሚለይ ከሆነ፣ አማካይ ተጫዋች የሆነ ልጅ 600 ኪሎ ሜትር የሚጓዝበት ምክንያት የለም።

4. ገንዘቡ የሚገባው የማን ሂሳብ ውስጥ ነው? ሕጋዊ ድርጅት በድርጅቱ ስም የባንክ ሂሳብ አለው፣ ደረሰኝም ይሰጣል። በግለሰብ ስም "ቶሎ ላክ፣ ቦታ እያለቀ ነው" የሚል ሰው ካጋጠማችሁ ተረጋጉ።

5. ካለፍኩ ቀጥሎ ምን ይሆናል? የት አድራለሁ? ትምህርቴስ? ደመወዝ ወይም የኪስ ገንዘብ አለ? ካላለፍኩስ በምን እመለሳለሁ?

ለአሰልጣኝ መጻፍ የሚከብዳችሁ ካላችሁ አጭርና ጨዋ መልእክት ይበቃል፦ "ጤና ይስጥልኝ አሰልጣኝ። ከነገሌ ቦረና ነኝ፣ 16 ዓመቴ ነው፣ የምጫወተው የግራ መስመር ተከላካይ ሆኜ ነው። በነሐሴ በእርስዎ ክለብ ስም ሙከራ እንዳለ የሚገልጽ ማስታወቂያ አየሁ። እውነት መሆኑን፣ ክፍያ ካለውም ቢነግሩኝ አመሰግናለሁ።" ብዙ አሰልጣኞች "እኛ አላወጣነውም" ለማለት ሁለት ደቂቃ አይሰስቱም።

አንድ ነገር ያዙ፦ ከልቡ የሚፈልጋችሁ ክለብ ወጪ የሚያወጣባችሁ እንጂ ገንዘባችሁን የሚጠብቅ አይደለም። ለስልጠና መክፈል ያለ ነገር ነው። "ክለብ ለማስገቢያ" መክፈል ግን ሌላ ነገር ነው።

አገር ውስጥ ያሉት በሮች

ሩቅ ከማየታችን በፊት ቅርብ ያለውን እንቁጠር።

በአትሌቲክስ መንገዱ የታወቀ ነው። ከትምህርት ቤት ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል፣ ከዚያ ወደ አገር አቀፍ ሻምፒዮና። የጃንሜዳው አገር አቋራጭና ከ20 ዓመት በታች የሆኑ አትሌቶች ሻምፒዮና እውነተኛ መታያዎች ናቸው። እንደ መቻል፣ ኢትዮጵያ ንግድ ባንክና ኢትዮ ኤሌክትሪክ ያሉ ክለቦች አሰልጣኞች ልጆችን የሚያዩት እንዲህ ያለ ውድድር ላይ ነው። እዚያ ለመድረስ የሚከፈለው እግር ነው።

አካዳሚ የምትፈልጉ ደግሞ አዲስ አበባ የኢትዮጵያ ስፖርት አካዳሚ፣ አሰላ ደግሞ በጥሩነሽ ዲባባ ስም የተሰየመው የስፖርት ማሰልጠኛ ማዕከል አለ። ሁለቱም የመንግሥት ተቋማት ናቸው። ስለ ምልመላቸው የሚጠየቀው ራሱ ተቋሙ ወይም የወረዳና የዞን ስፖርት ጽ/ቤት ነው። "እኔ አስገባሃለሁ" የሚል ደላላ አያስፈልግም።

በቆጂን አስቡ። ደራርቱ ቱሉ፣ ቀነኒሳ በቀለና ጥሩነሽ ዲባባ ከዚያች ከተማ ወጥተው የኦሎምፒክ ወርቅ አጥልቀዋል። ልጆቹን መጀመሪያ ያየው ከውጭ የመጣ መልማይ አልነበረም። አሰልጣኝ ስንታየሁ እሸቱ እዚያው የትምህርት ቤት የስፖርት መምህር ነበር። የእናንተም የመጀመሪያ መልማይ ምናልባት አሁን ፊሽካ ይዞ የሚጮህባችሁ መምህር ነው። ዞን ድረስ ስም የሚያስተላልፈውም እሱ ነው፣ ስለዚህ አትጣሉት 😄

በእግር ኳስ ለኛ አካባቢ ቅርቡ ትልቅ የኳስ ከተማ ሐዋሳ ነው። ሐዋሳ ከተማና ሲዳማ ቡና እዚያ ናቸው። ወደ ምዕራብ ደግሞ አርባ ምንጭ ከተማ አለ። ክለቦች ለአዲሱ የውድድር ዓመት የሚዘጋጁት አብዛኛውን ጊዜ በነሐሴና በመስከረም ስለሆነ ለሙከራ መጠየቅም በዚያ ሰሞን ይሻላል። ከፕሪምየር ሊጉ በታች ከፍተኛ ሊግና አንደኛ ሊግ እንዳሉም አትርሱ። ለ17 ዓመት ልጅ በየሳምንቱ የሚሰለፍበት ትንሽ ቡድን፣ ተጠባባቂ ሆኖ ከሚቀመጥበት ትልቅ ስም ይበልጣል።

ምሳሌ ከፈለጋችሁ ሎዛ አበራ አለች። ከዱራሜ ተነስታ በሐዋሳ ከተማና በደደቢት ጎል እያገባች ነው የታወቀችው። እ.አ.አ. በ2019 የማልታው ቢርኪርካራ ሲወስዳት አገር ውስጥ ስሟ የታወቀ ነበር። አቡበከር ናስርም እንደዚያው። በኢትዮጵያ ቡና ማሊያ በአንድ የውድድር ዓመት 29 ጎል ካገባ በኋላ ነው በ2022 የደቡብ አፍሪካው ማሜሎዲ ሰንዳውንስ ያስፈረመው። ሁለቱንም ያሳያቸው ሊጉ ነው።

ክረምት የሚለው ቃልና የኛ አየር

ይህን ብዙ ልጅ ሄዶ ነው የሚረዳው። በሐምሌና በነሐሴ ቦረና ደረቅና ቀዝቀዝ ያለ ነው። ዋናው ዝናባችን ከመጋቢት እስከ ግንቦት ይወርዳል፣ ከዚያ በመስከረምና በጥቅምት ይመለሳል። አዲስ አበባ፣ አሰላና በቆጂ ግን በዚያው ሰሞን ጭቃ ናቸው። አቧራ ሜዳ ላይ በተለማመድክበት ጫማ ጭቃ ላይ ከወጣህ አሰልጣኙ የሚያየው ስትንሸራተት ነው። ረጅም ጥርስ ያለው ታኬታ፣ ካልተቻለም ከጓደኛ የተዋሰ፣ ይዘህ ሂድ።

ሌላው ከፍታ ነው። ነገሌ ከባሕር ወለል በላይ 1,500 ሜትር ገደማ ላይ ነች፣ ሞያሌ ከዚያም ዝቅ ትላለች። አዲስ አበባ ከ2,300 ሜትር ይበልጣል፣ በቆጂ ደግሞ ወደ 2,800 ሜትር ይጠጋል። ከፍ ሲባል አየሩ ስለሚሳሳ በአንድ ትንፋሽ የሚገባው ኦክስጅን ይቀንሳል። በተለይ ረጅም ርቀት ለምትሮጡና 90 ደቂቃ ለምትጫወቱ የመጀመሪያዎቹ ቀናት ከባድ ናቸው። ማታ ደርሶ ጠዋት መሮጥ ራስን መበደል ነው። የሚያሳድራችሁ ዘመድ ካለ ከሳምንት በላይ ቀደም ብላችሁ ሂዱ። ካልተቻለ ሐዋሳ ወይም አርባ ምንጭ ላይ ያለውን ዕድል አስቀድሙ። የከፍታው ልዩነት ትንሽ ነው፣ መንገዱም ያጥራል።

ማሳሰቢያ፦ "ነገሌ ላይ ምልመላ አለ" የሚል ፖስት ካያችሁ የትኛው ነገሌ እንደሆነ አረጋግጡ። አርሲ ነገሌ ሌላ ከተማ ነው!

ዕድሜ አትቀንሱ

"19 ነህ? 16 እንበልህ፣ የልደት ካርድ እኔ አወጣለሁ" የሚል ሰው ያጋጥማችኋል። ፊፋ ከ2009ኙ የናይጄሪያ ውድድር ጀምሮ ከ17 ዓመት በታች የዓለም ዋንጫ ላይ የእጅ አንጓ በኤምአርአይ እያስነሳ ዕድሜ ይፈትሻል። ካፍም በዚሁ ይጠቀማል። የልደት ካርድ፣ የትምህርት ቤት መዝገብ፣ ፋይዳና ፓስፖርት የተለያየ ዓመት ሲያሳዩ ደግሞ ቪዛ ላይ ይያዛል። ሐሰተኛውን ካርድ ያወጣው ሰው ያኔ ስልኩን ያጠፋል። ስሙ የሚበላሸው የእናንተ ነው።

"ውጭ እናስገባችኋለን" ሲባል

እዚህ ጋ በጣም ተጠንቀቁ።

የፊፋ ደንብ አንቀጽ 19 ግልጽ ነው። ተጫዋች ከአገር ወደ አገር የሚዛወረው ዕድሜው 18 ከሞላ በኋላ ነው። ጥቂት ልዩ ሁኔታዎች አሉ፣ ለምሳሌ ወላጆች ከኳስ ጋር በማይያያዝ ምክንያት አገር ሲቀይሩ። ለሞያሌና ለዶሎ ኦዶ ልጆች የሚጠቅም አንድም አለ። የተጫዋቹ ቤት ከድንበሩ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ የጎረቤት አገሩ ክለብም እንደዚሁ ከድንበሩ በ50 ኪሎ ሜትር ውስጥ ከሆነ፣ ልጁ ቤቱ እያደረ መጫወት ይችላል። በቤቱና በክለቡ መካከል ያለው ርቀት ከ100 ኪሎ ሜትር መብለጥ የለበትም፣ የሁለቱም አገር ፌዴሬሽኖች መስማማት አለባቸው። ናይሮቢ ግን በዚህ አይገባም።

እንግዲህ የ16 ዓመት ልጅ "ቱርክ ክለብ አስፈርምሃለሁ" ከተባለ ያ ሰው ወይ ደንቡን አያውቅም ወይ እየዋሸ ነው።

እ.አ.አ. በ2015 ቢቢሲ ይፋ ያደረገው ታሪክ አለ። ከምዕራብ አፍሪካ የሄዱ ከ20 በላይ ለአካለ መጠን ያልደረሱ ልጆች ላኦስ ውስጥ "የእግር ኳስ አካዳሚ" ተብሎ አንድ ክፍል ወለል ላይ ተደርድረው ሲያድሩ ተገኝተዋል። ከቤት የወጡት እንደኛ በደስታ ተሸኝተው ነበር።

ኤጀንት ነኝ የሚል ሰው ከመጣ የፊፋ ፈቃድ እንዲያሳያችሁ ጠይቁ። ፈቃድ ያላቸው ኤጀንቶች ስም ዝርዝር ፊፋ ድረ ገጽ ላይ ለሁሉም ክፍት ነው፣ በስልክ ይታያል። ስሙ ከሌለ ወሬው እዚያ ያልቃል። ፓስፖርታችሁንም ለማንም "ለማስቀመጥ" አትስጡ።

ሌላ የሚጠቅም ነገር፦ ስማችሁ በሕጋዊ ክለብ ይመዝገብ። ተጫዋች ውል እያለው በክፍያ ከክለብ ወደ ክለብ ሲዛወር ከዝውውሩ ገንዘብ 5 በመቶው ከ12 እስከ 23 ዓመቱ ላሰለጠኑት ክለቦች ይከፋፈላል። ያልተመዘገበ ልጅ ሲሸጥ ያሳደገው ሰፈር ሳንቲም አያገኝም።

የአሜሪካ ኮሌጅ መንገድ

ይህኛው ለሯጮች እውነተኛ ዕድል ነው፣ እኛ ጋ ግን ብዙ አይወራም። የአሜሪካ ዩኒቨርሲቲዎች ጎበዝ አትሌት በነጻ ትምህርት ይወስዳሉ። ኬንያዊቷ ዶሪስ ለምንጎሌ በአላባማ ዩኒቨርሲቲ ማሊያ የ2024ቱን የኮሌጆች አገር አቋራጭ አሸንፋለች። ከኢትዮጵያውያን ወላጆች ኬንታኪ የተወለደው ያሬድ ንጉሴ በኖተርዳም ዩኒቨርሲቲ ሮጦ በ2019 የኮሌጆች የ1,500 ሜትር ሻምፒዮን ሆነ፣ በፓሪስ ኦሎምፒክም በዚሁ ርቀት ነሐስ ወስዷል።

ግን በሩ በእግር ብቻ አይከፈትም፣ ደብተር ይፈልጋል።

✅ ትልቁ የኮሌጅ ስፖርት ማኅበር ኤንሲኤኤ ይባላል። ለመጀመሪያው ዲቪዥን 16 መሠረታዊ የሁለተኛ ደረጃ ትምህርቶችንና ቢያንስ 2.3 አማካይ ነጥብ ይጠይቃል። የኤስኤቲ ፈተናን ማኅበሩ ከ2023 ጀምሮ አይጠይቅም፣ ኮሌጁ ግን ሊጠይቅ ይችላል።
✅ ሦስተኛው ዲቪዥን የስፖርት ስኮላርሺፕ አይሰጥም። "ዲቪዥን ሦስት ሙሉ ስኮላርሺፕ በስፖርት አገኘሁልህ" የሚል ሰው አንድ ነገር ደብቋል።
✅ የእንግሊዝኛ ፈተና አለ፣ ቶፍል ወይም ዱኦሊንጎ። ዱኦሊንጎ በኢንተርኔት ስለሚሰጥ ለክፍለ አገር ልጅ ይቀላል።
✅ የወሰዳችሁትን የሽልማት ገንዘብና የፈረማችሁትን ውል በሙሉ እንደነበረ መናገር ግዴታ ነው። ሁለተኛ ደረጃ ከጨረሱ በኋላ ለዓመታት ሲወዳደሩ መቆየትም የመሮጫ ጊዜን ሊያሳጥር ይችላል። ስለዚህ ከ11ኛ ክፍል ጀምሮ ማሰብ ይሻላል።
✅ ኮሌጁ ከተቀበላችሁ አይ-20 የሚባል ወረቀት ይልካል። ከዚያ የተማሪ ምዝገባው 350 ዶላር፣ የቪዛ ማመልከቻው 185 ዶላር ነው። አይ-20 ሳይመጣ "የቪዛ ሂደት" ብሎ ገንዘብ የሚጠይቅ ሰው ምንም ሂደት የለውም።

አሰልጣኞቹ ኢሜይላቸው በየዩኒቨርሲቲው የስፖርት ገጽ ላይ በይፋ ተቀምጧል። መጻፍ ነጻ ነው። 20 ጽፋችሁ ሁለት ቢመልሱ ጥሩ ነው።

በ2016 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና ከወሰዱት 50 በመቶና በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ነበሩ። ብዙ ልጅ "ትምህርቱ ካልሆነ ኳሱ" የሚለው ከዚህ የተነሳ ነው፣ ፖስተር የሚለጥፉትም ይህን ያውቃሉ። ነገር ግን ይህ ትልቁ በር ሁለቱንም የሚጠይቅ ነው።

ሳትሄዱ መታየት፦ በስልካችሁ

ስልኩን አግድም ያዙ። የማሊያ ቁጥር በግልጽ ይታይ። ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ይበቃል፣ ምርጡን መጀመሪያ አድርጉ፣ ሙዚቃ አትጫኑበት። አንድ ሙሉ ጨዋታም ለብቻው ይቀመጥ፣ ምክንያቱም ጥሩ አሰልጣኝ ኳስ ሳትይዙ ምን እንደምታደርጉ ማየት ይፈልጋል። ሯጮች ደግሞ ሰዓታችሁን ከቀኑ፣ ከቦታው፣ ከከፍታውና በእጅ ወይስ በኤሌክትሮኒክስ እንደተያዘ ከሚገልጽ ጋር ጻፉ።

ለእህቶቻችንና ለወላጆች

ከ18 ዓመት በታች የሆነ ልጅ፣ በተለይ ሴት ልጅ፣ ብቻዋን አትላክ። ማደሪያው የት እንደሆነ፣ ከማን ጋር እንደሚታደር፣ ሴት አሰልጣኝ ወይም ኃላፊ መኖሯ አስቀድሞ ይታወቅ። "ለብቻሽ ልይሽ" የሚል መልማይ መልማይ አይደለም። አባቶችና እናቶች፣ ራሳችሁ ደውላችሁ አሰልጣኙን አነጋግሩ። እውነተኛ አሰልጣኝ ወላጅ ሲደውልለት ደስ ይለዋል፣ አጭበርባሪው ነው የሚበሳጨው።

በመጨረሻ፦ ልሂድ ወይስ ልቅር?

ወረቀት አውጡና ትራንስፖርት ደርሶ መልስ፣ አልጋ፣ ምግብ፣ ምዝገባ፣ ጫማ፣ መጠባበቂያ ብላችሁ ደምሩ። ከጎኑ የአምስቱን ጥያቄዎች መልስ ጻፉ። ሦስቱ ባዶ ከሆኑ ቅሩ። የመመለሻው ገንዘብ ከመነሳታችሁ በፊት ለብቻው ይቀመጥ፣ ባታልፉም ቤታችሁ ትገባላችሁ።

በአንድ ክረምት አራት ቦታ ከመሮጥ አንድ በደንብ የተጣራ ቦታ ይሻላል። በቀረው ሳምንት ከመምህራችሁ ጋር እዚያው ሜዳችሁ ላይ ሥሩ። ጥሩ ልጅ አንድ ክረምት ቢያልፈው ሌላ ክረምት አለው። የተሸጠችው ጊደር ግን አትመለስም።

አጠራጣሪ ፖስተር ካያችሁ ስክሪን ሹት አድርጋችሁ በውስጥ መስመር ላኩልን፣ አብረን እናጣራለን። ለቡድን ጓደኞቻችሁና ለአሰልጣኞቻችሁ ሼር አድርጉ። መልካም ክረምት! ⚽🏃🏾‍♀️